ኦሎምፒያ አካባቢ ያለው ሱሺ ቤት፦ ማን ወደደው፣ ማን ተከፋበት

ስለዚህ ሱሺ ቤት ሁለት ሰው ብትጠይቁ የማይገናኝ መልስ ይሰጧችኋል። አንዱ «አዲስ አበባ ውስጥ እንደነሱ የሚሠራ የለም» ይላል። ሌላው «ብሬን ጥዬ መጣሁ» ይላል። ቢሮ ውስጥ ክርክሩ ከተነሳ የምሳ ሰዓታችን እስኪያልቅ አይበርድም። እኔ እዚያ ቤት በተለያየ ቀንና ሰዓት፣ ከተለያየ ሰው ጋር በልቻለሁ። በጣም ተደስቼ የወጣሁበት ቀን አለ። ተከፍቼ የወጣሁበትም አለ። ሁለቱም ወገን እውነቱን ነው የሚናገረው። ቤቱ ሐሙስ ምሳ ላይ የሚያወጣውና ቅዳሜ ማታ የሚያወጣው ምግብ አንድ አይደለም። ፎቅ ላይ የተቀመጠ ሰውና ሼፉ ፊት የተቀመጠ ሰውም እኩል አይስተናገዱም። ይህን አስቀድሞ ያወቀ ሰው ገንዘቡን ለሚገባው ነገር ያወጣል ብዬ ስለማምን ነው የምጽፈው።

የቤቱን ስም አልጠራም። ቅሬታም ስለማነሳ በአንድ ሰው ተሞክሮ ብቻ የሠራተኞቹ እንጀራ እንዲነካ አልፈልግም። ደግሞ ከምለው አብዛኛው ቦሌም ሆነ ሳር ቤት ላሉት ሱሺ ቤቶች ይሠራል።

ቦታው ከመስቀል አደባባይ በእግር የሚደረስ ነው። ግራውንዱ ላይ ረጅም ባንኮኒ አለ። ሼፎቹ ከባንኮኒው ጀርባ ቆመው ይሠራሉ፤ ፊት ለፊታቸው ጥቂት ከፍ ያሉ ወንበሮች ተደርድረዋል። ፎቁ ላይ ሶፋ፣ ደብዘዝ ያለ መብራትና ሙዚቃ አለ። ቲክቶክ ላይ የምታዩት ፎቁን ነው። እኔ የምመክራችሁ ግን ባንኮኒውን ነው።

ከሩዙ ልጀምር። ሱሺ በኮምጣጤ ከተለወሰ ሩዝና ከዓሣ፣ ብዙ ጊዜም ከጥሬ ዓሣ፣ ወይም ከአትክልት የሚሠራ የጃፓን ምግብ ነው። ብዙ ሰው ሱሺ ሲባል የሚያስበው ዓሣውን ነው። «ትኩስ ነው? ከየት መጣ?» ይላል። ዓሣው ትልቅ ነገር ነው፤ እመለስበታለሁ። ነገር ግን እዚህ ቤት ውስጥ ጥሩውን ቀን ከመጥፎው የሚለየው ሩዙ ነው። የሱሺ ሩዝ እህሉ አጠር ያለ፣ ሲበስል የሚያያዝ ዓይነት ነው። ለፒላፍ የምንጠቀምበት ረጅሙ ባስማቲ ተጠቅልሎ አይቆምም። ከተቀቀለ በኋላ ኮምጣጤ፣ ስኳርና ጨው ይገባበታል። ከዚያ እየተራገበ ይቀዘቅዛል። ሲበላ ለብ ያለ መሆን አለበት፤ ከሰውነታችን ሙቀት ብዙም የማይርቅ። አፍ ውስጥ ሲገባ እህል እህሉ ሊለይ ይገባል። ገንፎ ከሆነ ወይም እንደ ጠጠር ካንገራገጨ ዓሣው ምንም ቢሆን አያድነውም።

አንድ ሐሙስ ምሳ ሰዓት ላይ ባንኮኒው ጋ ተቀምጬ ሼፉን ስለዚሁ ጠየቅኩት። ዱባይ ሆቴል ውስጥ ሠርቶ የተመለሰ ልጅ ነው። እዚህ ሲመጣ መጀመሪያ ያስቸገረው ሩዙ እንደነበር ነገረኝ። ዱባይ ባሕር ጠረፍ ላይ ናት። አዲስ አበባ ግን ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ነች። እዚህ ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። እዚያ የለመደውን የውሃና የሰዓት ልክ ሲጠቀም የሩዙ ውስጥ ጥሬ እየሆነ ይቀርበት ነበር። ውሃ ሲጨምር ደግሞ ላዩ ይላቁጣል። በመጨረሻ በፕሬዠር ኩከር መቀቀል ጀመረ። «እንጀራ ጋጋሪ ምጣዱን እንደሚያውቀው ነው፤ እኔም ድስቴን እስካውቀው ብዙ ሩዝ ደፍቻለሁ» አለኝ። ያን ቀን የሠራልኝ ኒጊሪ፣ ማለትም በእጅ የተጨበጠች ሩዝ ላይ አንድ ቁራጭ ዓሣ የተጋደመባት፣ እስካሁን አዲስ አበባ ከበላሁት ሁሉ የተሻለ ነው። ሩዙ ለብ ያለ፣ ኮምጣጤው የማይጮህ፣ ሳልሞኑ ቀዝቀዝ ያለ ነበር። ሁለት ሁለት እያደረገ ነው ያቀረበልኝ። አንዱን ስጨርስ ሌላውን ይጨብጣል።

ይህ አሠራር ከምግቡ ታሪክ ጋር ይሄዳል። ሱሺ በጥንቱ ዓሣን በሩዝ ውስጥ ቀብሮ ለወራት የማቆያ ዘዴ ነበር። ዛሬ የምናውቀው በእጅ የሚጨበጠው ዓይነት የተስፋፋው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ፣ ኤዶ ትባል በነበረችው በዛሬዋ ቶኪዮ ነው። ያኔ ቆመው በችኮላ የሚበሉት የመንገድ ዳር ምግብ ነበር። እንደተጨበጠ ነው የሚበላው። በጀልባ ቅርጽ በተሠራ ትልቅ ሳህን ላይ ተደርድሮ፣ ፎቶ ሲነሳ ሃያ ደቂቃ ቆይቶ ከዚያ የሚበላ ሱሺ ጣዕሙን ጥሎ ነው አፍ የሚገባው።

ቅዳሜ ማታ ደግሞ ሌላ ነው። የሥራ ባልደረባችን ልደት ነበርና ብዙ ሆነን ሄድን። ቀድመን በስልክ ቦታ ይዘናል። ደርሰን ግን ቆመን ጠበቅን። ባዶ ጠረጴዛዎች ላይ «ሪዘርቭድ» የሚል ተለጥፎባቸዋል፤ የኛ የትኛው እንደሆነ የሚያውቅ የለም። ከኛ በኋላ የመጡ የውጭ አገር ሰዎች ቀድመውን ተቀመጡ። እነሱም ቀድመው ይዘው ይሆናል። ግን ማንም መጥቶ «ይቅርታ፣ ትንሽ ታገሱን» አላለንም። ከመካከላችን አንዷ «በገዛ አገራችን!» ብላ ልትወጣ ነበር፤ ለምነን አስቀረናት። ይህ ቅሬታ ስለዚህ ቤት ከብዙ ሰው ስለሰማሁት አላልፈውም። ፈረንጅ ሲገባ ፊታቸው የሚፈካ፣ አበሻ ሲገባ የሚዘጋ አስተናጋጆች አሉ። ሁሉም አይደሉም። ያሉት ግን አንድ ምሽት ለማበላሸት ይበቃሉ። የቤቱ ኃላፊዎች ይህን ቢያነቡ ከምናሌው በፊት ይህን እንዲያስተካክሉ ከልቤ እጠይቃቸዋለሁ።

ምግቡ ሲመጣ ሩዙ ደርቋል። ጥርስ ላይ ይሰማል። የሳልሞኑ መሐል ገና በረዶ አለው። ያዘዝነው ግማሹ «አልቋል» ተባለ፤ ይህም የተነገረን ሌላው ምግብ ጠረጴዛ ላይ ከደረሰ በኋላ ነው። የልደቱ ባለቤት ደግ ሰው ነውና «ዋናው መሰባሰባችን ነው» አለ። እኔ ግን ከሐሙሱ ጋር እያነጻጸርኩ አዘንኩ። ያው ቤት፣ ያው ሼፍ ነው።

በኋላ ሼፉን በሰላም ቀን ጠየቅኩት። አልደበቀኝም። ቅዳሜ ሰው ስለሚበዛ ሩዙን ከሰዓት በፊት ብዙ አድርገው ይቀቅላሉ። የተረፈውን ፍሪጅ ያስገቡታል። የሩዝ ስታርች ፍሪጅ ውስጥ ይደርቃል፤ ጠዋት ላይ የተረፈ ሩዝ የነካ ሁሉ ያውቀዋል። ዓሣውም በቀን መቁጠሪያ ነው የሚሄደው። አዲስ የሚያቀልጡት ረቡዕ ማታ ነው። ፍሪጅ ውስጥ ቀስ ብሎ ሌሊቱን ይቀልጣል። ስለዚህ ሐሙስና ዓርብ ጥሩ ነው። ቅዳሜ ሰው ሲበዛ ከተለመደው በላይ ያስፈልጋቸውና በችኮላ ያወጣሉ፤ በረዶው የመጣው ከዚያ ነው። እሁድ ማታና ሰኞ ደግሞ የቀረውን ነው የሚያቀርቡት። እናንተ የምትሄዱበት ቤት ቀኑ ሌላ ሊሆን ይችላል። ጥያቄው ግን ቀላል ነው፦ «አዲስ ዓሣ የምታወጡት መቼ መቼ ነው?» በደንብ የሚሠራ ቤት ይህን ሲጠየቅ ደስ ይለዋል። የሚቆጣችሁ ካለ ጥሬውን ተዉት።

አሁን ወደ ዓሣው። «የበረዶ ዓሣ ነው የሚያበሉን» ብሎ የሚያማርር ብዙ ነው። ይህ ግን ቅሬታ ሊሆን አይገባም። እኛ ባሕር የለንም። ሳልሞኑም ቱናውም በአውሮፕላን ነው የሚመጣው። ባሕር ባላቸው አገሮችም ቢሆን ጥሬ የሚበላ ዓሣ አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ ይቀዘቅዛል። ምክንያቱ ትላትል ነው። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር መመሪያ ዓሣው ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ላይ ለ7 ቀን፣ ወይም ከዜሮ በታች 35 ዲግሪ ላይ በረዶ ሆኖ ከጠጠረ በኋላ ለ15 ሰዓት እንዲቆይ ይላል። ያ ቅዝቃዜ ትላትሉን ይገድላል። የቤታችን ፍሪዘር ይህን ያህል አስተማማኝ ስላልሆነ፣ ከሱፐርማርኬት ዓሣ ገዝታችሁ ቤት ውስጥ ጥሬ ሱሺ ለመሥራት አትሞክሩ።

ከበረዶው ይልቅ መጠየቅ ያለበት ከቀለጠ በኋላ ያለው ነው። እዚህ ላይ የመብራት ነገር ይመጣል። መብራት ሲጠፋ ጀነሬተሩ ወዲያው ይነሳል ወይ? ፍሪጁንስ ይይዛል ወይ? አንድ ማታ ከእህቴ ጋር ሄደን ሰፈሩ ጨልሟል። ቤቱ ውስጥ ሻማ አብርተዋል። የምታስተናግደን ልጅ ቀረብ ብላ «ጀነሬተሩ ከሰዓት ጀምሮ አስቸግሮናል፤ ዛሬ ጥሬውን ባታዙ ይሻላል» አለችን። የሞቀ ኑድልና የተጠበሰ ሽሪምፕ በልተን ወጣን። ይህች ልጅ ስላላት ሐቀኝነት ብቻ ወደዚያ ቤት ተመልሼ ሄጃለሁ። ቅዳሜ ማታ የቆምኩበትንም ይቅር ያልኳቸው በእሷ ምክንያት ነው።

ቱና ላይ በተለይ ጥንቃቄ አድርጉ። ቱና ከቀዝቃዛ ቦታ ወጥቶ ከቆየ ሥጋው ውስጥ ሂስታሚን የሚባል ነገር ይጠራቀማል። ይህ ነገር ቢጠበስም፣ ተመልሶ ቢቀዘቅዝም አይጠፋም። አንድ ባልደረባዬ ሌላ ቦታ ቱና በልቶ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ፊቱና አንገቱ ቀላ። ራሱን አመመው፤ ቆዳው አሳከከው። ክሊኒክ ስንወስደው ሐኪሙ «ዓሣ በልተሃል?» ብሎ ነው የጀመረው። መድኃኒት ወስዶ በማግስቱ ደኅና ሆነ። ምልክቱ ከአለርጂ ጋር ስለሚመሳሰል ብዙ ሰው ዓሣ የማይስማማው ይመስለዋል። ቱና አፍ ላይ እንደ በርበሬ ቆጥቆጥ ካደረጋችሁ ትፉት፤ ለአስተናጋጁም ንገሩ። መተንፈስ የሚያስቸግር ከሆነ ደግሞ ሳትቆዩ ወደ ሆስፒታል ሂዱ።

ስለ ሐይቅ ዓሣ የምለው አጭር ነው። አንዳንድ ቤቶች ዋጋ ለመቀነስ ቆሮሶ ወይም ነጭ ዓሣ በሱሺ ውስጥ ያስገባሉ። ከበሰለ በጣም ጥሩ ነገር ነው። እዚህ ቤት የተጠበሰ ቆሮሶ በአቮካዶ የተጠቀለለበት ሮል፣ ማለትም በሩዝና በባሕር አረም የተጠቀለለ ሱሺ፣ አለ፤ ከብዙዎቹ ውድ ሮሎች ይልቅ እሱን እመርጣለሁ። ጥሬውን ግን አይሆንም። በሐይቆቻችን ዓሣ ላይ ትላትል እንደሚገኝ ተመራማሪዎች በተደጋጋሚ ጽፈዋል። «ሐዋሳ አሞራ ገደል ጥሬ ዓሣ በዳጣ ይበላ የለ እንዴ?» የሚል ይኖራል። ይበላል። እኔ ግን ለእንግዳዬ አላዝዝለትም።

አሁን ስለ አክስቴ ላውራ፤ ምክንያቱም ከሁሉ የበለጠ የተማርኩት ከእሷ ጋር ሄጄ ነው። አክስቴ ጾም አክባሪ ናት። ግፊትም አለባት። «እስቲ እናንተ የምትሉትን ልየው» ስትለኝ ዓርብ ምሳ ላይ ወሰድኳት። አስተናጋጇ «እትዬ፣ የጾም አለን» አለቻት። አክስቴ ዝም ብላ አልተቀበለችም። «ልጄ፣ ምን ምን ገብቶበታል?» ብላ አንድ በአንድ ጠየቀች። ትክክል ነበረች።

የአትክልት ሮል ብዙ ጊዜ አቮካዶ፣ ኪያርና ካሮት ነው። ላዩ ላይ የሚደረገው ነጭ ወይም ቀይ ሶስ ግን ማዮኔዝ ሊሆን ይችላል፤ ማዮኔዝ ደግሞ እንቁላል አለው። ቴምፑራ፣ ማለትም በሊጥ ተነክሮ ዘይት ውስጥ የሚጠበሰው፣ የሚነከርበት ሊጥ ውስጥም እንቁላል የሚያስገቡ አሉ። «ክራብ» ተብሎ የሚሸጠው ቀይና ነጭ ዱላ በአብዛኛው ሸርጣን አይደለም፤ የተፈጨ ነጭ ዓሣ ነው፣ ብዙውን ጊዜ የእንቁላል ነጭ ገብቶበት። ሚሶ የሚባለው ሾርባ ከአኩሪ አተር ብቻ የተሠራ ቢመስልም መረቁ የሚሠራው ብዙ ጊዜ ከደረቀ ዓሣ ነው። ፊላደልፊያ የሚባለው ሮል ውስጥ ክሬም ቺዝ አለ። ዓሣ በጾም ይበላል ወይስ አይበላም የሚለውን እያንዳንዱ ከንስሐ አባቱ ጋር ይጨርሰው። ነገር ግን «የጾም» የተባለውን ሁሉ ሳይጠይቁ ማዘዝ አይገባም። ክንፍና ቅርፊት የሌለውን የማይበላ ሰው ደግሞ ሽሪምፕ፣ ሸርጣንና ኦክቶፐስ የገባበትን ለይቶ ይጠይቅ። ሙስሊም ጓደኞቼ የሚጠይቁት ሌላ ነው፦ ሩዙ ወይም ሶሱ ውስጥ ሚሪን ገብቷል? ሚሪን ከሩዝ የሚሠራ፣ አልኮል ያለበት ማጣፈጫ ነው። አንዳንድ ቤቶች ሲጠየቁ ያለሱ ይሠራሉ። እዚህ ቤት አስቀድሞ ከተነገራቸው ይተዉታል።

ግፊት ላለበት ሰው ዋናው ነገር ሶያ ሶስ ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ሶያ ሶስ ውስጥ ወደ 900 ሚሊግራም ሶዲየም አለ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ በቀን ከ2,000 ሚሊግራም በታች እንዲሆን ይመክራል። ሰው ግን ሩዙን ሶሱ ውስጥ ይዘፈዝፈዋል። ሩዝ ደግሞ ይመጥጣል። ትክክለኛው አበላል ኒጊሪውን ገልብጦ የዓሣውን ጫፍ ብቻ ነካ ማድረግ ነው። ለአክስቴ ይህን ሼፉ ራሱ አሳያት። በቾፕስቲክ ስትቸገር ደግሞ «እትዬ፣ በእጅዎ ይብሉት፤ ጃፓኖቹም ኒጊሪን በእጅ ይበላሉ» አላት። እውነቱን ነው፤ በእጅ መብላት ነውር አይደለም። አክስቴ እጇን ታጥባ መጣች። ከዚያ በኋላ ነው ደስ ብሏት የበላችው። አንዱንም ሮል አንስታ ሼፉን ልታጎርሰው ስትል ባንኮኒው ላይ ያለን ሁሉ ሳቅን። ጎንበስ ብሎ ጎረሰላት። እንዲህ ዓይነት ነገር ፎቅ ላይ አይገኝም።

ዋሳቢ ለሚጥሚጣ የለመደ ሰው ቀላል ይመስላል። አይደለም። ሚጥሚጣ ምላስ ላይ ነው፤ ይህ አፍንጫ ውስጥ ይወጣል። እዚህም ሆነ በብዙ አገር የሚቀርበው እውነተኛው የዋሳቢ ተክል ሳይሆን ሆርስራዲሽ የሚባል ሥር፣ ሰናፍጭና አረንጓዴ ቀለም ነው። የስንዴ ፍሬ የምታክል ይበቃል። አጠገቡ ያለው ሮዝ ዝንጅብል ደግሞ በአንዱ ዓሣና በሌላው መካከል አፍ ማጽጃ ነው።

ነፍሰ ጡር እህቶች ጥሬ ዓሣ አይብሉ። ስሞክድ ሳልሞንም ብዙውን ጊዜ ያልበሰለ ስለሆነ አብሮ ይተው። የአትክልት ሮል፣ የበሰለ ሽሪምፕና የእንቁላል ኒጊሪ አለላችሁ። ለትንንሽ ልጆችና በሕመም ምክንያት ሰውነታቸው ለደከመ ሰዎችም እንደዚሁ።

ሂሳቡ ሌላው የመከፋት ምንጭ ነው። ምናሌው ላይ ያለው ዋጋ ብዙ ጊዜ የመጨረሻው አይደለም። ከታች በትንሽ ጽሑፍ 10 በመቶ ሰርቪስ ቻርጅና 15 በመቶ ቫት እንደሚጨመር ይጻፋል። 1,000 ብር ያለው ምግብ ሰርቪሱ ሲጨመር 1,100 ይሆናል። በዚያ ላይ ቫት ሲታሰብ 1,265 ብር ይደርሳል። ለብዙ ሰው ሲታዘዝ ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም። አንድ ጓደኛዬ ከእጮኛው ጋር ሄዶ የያዘው ብር አልበቃ ብሎት ከወንድሙ በቴሌብር አስልኮ ነው የወጣው። ስለ ምግቡ ሲጠየቅ እስካሁን የሚያወራው ስለ ሂሳቡ ነው። ስለዚህ ከማዘዛችሁ በፊት «ዋጋው ቫትን ይጨምራል?» በሉ። ሰርቪስ ቻርጅ ከተቆረጠ ተጨማሪ ቲፕ ግዴታ አይደለም። እኔ ግን ልጅቷ በደንብ ካስተናገደችኝ ለብቻዋ እሰጣታለሁ።

ዋጋው ለምን እንዲህ ናረ ለሚል፣ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ከውጭ የሚገባ ነገር ሁሉ ጨመረ። ሱሺ ውስጥ ከአቮካዶው፣ ከኪያሩና ከካሮቱ በቀር አብዛኛው የሚመጣው በዶላር ነው። ሳልሞኑ፣ ኮምጣጤው፣ ሩዙን የሚጠቀልለው የባሕር አረም ሁሉ። ስለዚህ ውድ መሆኑን አልቃወምም። የምቃወመው ያንን ያህል ከፍሎ የደረቀ ሩዝ መብላትን ነው። ሳልሞን በጣም ርካሽ ሆኖ ካገኛችሁ ደግሞ ደስ አይበላችሁ፤ ለምን እንደረከሰ ጠይቁ።

ዴሊቨሪ አልመክርም። በሞተር ተንጦ፣ ጠፍጣፋ ሆኖ ይደርሳል። ሩዙም ይቀዘቅዛል፣ ዓሣውም ይሞቃል። ሩዝ ያለ በቂ ኮምጣጤ ሞቅ ባለ ቦታ ከቆየ የሆድ ሕመም የሚያመጣ ባክቴሪያ ይራባበታል፤ መርዙ ቢሞቅም አይጠፋም። የግድ ካዘዛችሁ የበሰለ ወይም የአትክልት ሮል እዘዙና እንደደረሰ ብሉት። ለነገ ብላችሁ አታሳድሩ።

ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሄድ ሰው ምን ይዘዝ ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ ከአንድ የአቮካዶ ሮል ጀምሩ። ሩዙን ቅመሱ። ለብ ካለና ካልደረቀ ሁለት የሳልሞን ኒጊሪ ጨምሩ። ሩዙ ከቀዘቀዘና ካንገራገጨ እዚያው አቁሙና የሞቀ ምግብ እዘዙ። አንድ ጊዜ ሙሉ ጀልባ አታዙ። በሦስት ዓይነት ሶስ የተሸፈነውንም ለሌላ ቀን አቆዩት፤ ሶስ ሲበዛ የዓሣውን ሁኔታ ለማወቅ ያስቸግራል። ክትፎ ለለመደ ሰው ጥሬው ራሱ አያስደነግጠውም። የሚያስደነግጠው ቅቤና ሚጥሚጣ አለመኖሩ ነው። ለዚህ ሰው ቱናውን በሚጥሚጣ ለውሰው የሚያቀርቡት ሮል አለ። ንጹሕ ጃፓናዊ ነው አልልም። ግን ጣፋጭ ነው፤ ቤቱም የራሱን ነገር መፍጠሩን እወድለታለሁ። ጥሬ ሳልሞንን ለጃፓኖቹ ራሳቸው ያስለመዷቸው ኖርዌዮች ናቸው፤ እሱም በ1980ዎቹ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው። እንግዲህ እኛ ሚጥሚጣ ብንጨምርበት ማን ይከለክለናል?

ቅሬታ ካላችሁ እዚያው ተናገሩ። ከቅዳሜው ማታ በኋላ አንድ ቀን እንደገና የደረቀ ሩዝ ሲመጣልኝ ሁለት ቁራጭ ቀምሼ ሥራ አስኪያጁን ጠራሁ። «ወንድሜ፣ ይህን አንተ ብትቀምሰው ምን ትላለህ?» አልኩት። ቀመሰው። ይቅርታ ጠይቆ ሳህኑን አነሳ፤ ከሂሳቡም ቀነሰው። የልደቱ ቀን ከኛ ጋር የነበረች ልጅ ግን ምንም ሳትናገር ወጥታ ቲክቶክ ላይ ነው የለጠፈችው። ሥራ አስኪያጁ ስለዚያ ሲነግረኝ ፊቱ ላይ እውነተኛ ሐዘን ነበር። «ሁሉንም በልተው፣ ከፍለው፣ ጥሩ ነው ብለውኝ ነው የሄዱት» አለኝ። እኛ አበሾች ፊት ለፊት መናገር እናፍራለን። ነገር ግን ሳህኑ ግማሽ ሳይደርስ የተነገረ ቅሬታ ይሰማል። ባዶ ሳህን ይዞ የሚመጣ ቅሬታ ግን ለማንም አይረዳም።

ለመሄድ ካሰባችሁ ሐሙስ ወይም ዓርብ ከ6 እስከ 8 ሰዓት ባለው ጊዜ ሂዱ። በስልክ ስትደውሉ «ባንኮኒው ጋ» ብላችሁ ንገሯቸው፤ ካልተናገራችሁ ወደ ፎቁ ነው የሚልኳችሁ። ከአራት በላይ ከሆናችሁ ባንኮኒው አይበቃችሁም። ያኔ ግራውንዱ ላይ ወደ ሼፎቹ የቀረበውን ጠረጴዛ ጠይቁ። ቅዳሜ ማታ ግድ ከሆነባችሁ ደግሞ ከምሽቱ 1 ሰዓት በፊት ድረሱ፤ ሩዙ ገና ፍሪጅ አልገባም።